ጠብቆ የታሰረ ክንድ

የታሰረ ክንድ ሲያምም አትደንግጡ፤ ማመሙን ድንገት ሲያቆም ነው መደንገጥ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ሁሉ ቢረሳችሁ ይቺን ያዙልኝ። ልጃችሁ ከዛፍ ወድቆ ወይም በቅሎ ጥሎት ክንዱ ታስሮ ከተኛ፣ ጠዋት ተነሥቶ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ሲላችሁ የጣቶቹን ጫፍ እዩ። ጥፍሩን ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጥቶ መልሶ ካልቀላ ማሰሪያውን አላሉትና ወደ ሐኪም ሩጡ። ማንንም አታስፈቅዱ፤ አባትየውንም ቢሆን።

እኔ ቀኝ እጄን ያጣሁት ይህን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አይደለም። የሚያውቅ ነበረ። የአሰላ ሰው ታሪኬን ሲያወራው ከመጨረሻው ነው የሚጀምረው፤ «ያ በአንድ እጁ የፒንግ ፖንግ ሻምፒዮን የሆነው» ይልና ወዲያው ወደ ወጌሻው ስም ይሄዳል። ዛሬ ሸምግያለሁ። ዋንጫዎቼ ሳጥን ውስጥ ተቆልፈው ነው ያሉት፤ መደርደሪያ ላይ አውጥቻቸው አላውቅም። የልጅ ልጆቼ ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ «አቧራ እንዳይነካቸው» እላለሁ። እውነቱ ግን ሳያቸው ያሳፍሩኛል።

ቤታችን ከአሰላ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በኩል ነበር። አያቴ ከሸዋ መጥቶ የሰፈረበት መሬት ነው። አባቴ ግራዝማች ነበር፤ ገብስና ስንዴ የሚያርሱለት ጭሰኞች ነበሩት። ከእነሱ አንዱ ኦቦ ቃበቶ ናቸው። «ኦቦ» በኦሮምኛ እንደ «አቶ» ነው። እኛ ልጆቹ እንዲህ እንጠራቸዋለን፤ አባቴ ግን «ቃበቶ» ብቻ ነበር የሚላቸው። ከእርሻው ሌላ ወጌሻም ነበሩ። የሰውም የፈረስም የጥጃም አጥንት ይጠግናሉ። የአባቴን የራሱን ቁርጭምጭሚት ወልቆ የመለሱለት እሳቸው ናቸው።

የፋሲካ ማግስት ነው፤ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያ አገር የፈረስ አገር ስለሆነ ጎረምሳው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሽቀዳደማል። እኔም የአባቴን ዳማ ፈረስ ሳላስፈቅድ ይዤ ገባሁ። ፈረሱ እግሩን የፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ከተተ፤ እኔ ደግሞ በአናቱ ላይ አልፌ በቀኝ ክንዴ አረፍኩ። ስነሣ ክንዴ ከአንጓው ከፍ ብሎ ሌላ መታጠፊያ አበጅቶ ነበር።

አባቴ ፈረሱን እንኳ ሳያይ ወደ ኦቦ ቃበቶ ቤት ሮጠ። እጃቸውን ታጥበው መጡ። ክንዴን በቅቤ አለስልሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱት፤ ከዚያም ሳላስበው ሳብ አደረጉት። እንደ ፍየል ጮህኩ። አጥንቱ ገጠመ፤ እኔም ሲገጥም ተሰማኝ። የቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ደርድረው በነጠላ ቅዳጅ አሰሩና ጣታቸውን ከማሰሪያው ስር አስገብተው ክፍተት መኖሩን አዩ።

አባቴ ቆሞ ያይ ነበር። «ይሄ ምን ማሰር ነው?» አለ። «ይንቀሳቀሳል እኮ!»

«ያብጣል፣ ግራዝማች። ለእብጠቱ ቦታ ይፈልጋል። ነገ አይቼ ጠበቅ አደርገዋለሁ።»

«የጫላንም ልጅ እንዲሁ ላላ አድርገህ አስረህ ነው ክንዱ ቆልመም ብሎ የቀረው። እኔ ቆልማማ ልጅ አልፈልግም። አጥብቀው።»

«ግራዝማች...»

«አጥብቀው አልኩህ።»

ኦቦ ቃበቶ ቀና ብለው አባቴን አዩት። መልስ የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር፤ መልሱ ግን ተሰጥቷል። የሚያርሱት መሬት የእሱ፣ የሚኖሩበት ጎጆ የተሠራው በእሱ መሬት ላይ። አጎነበሱና ፈተው እንደገና ማሰር ጀመሩ። እያጠበቁ በኦሮምኛም በአማርኛም «ሙጫ ኮ፣ ልጄ፣ ጠበቀብህ?» አሉኝ።

አባቴ ከላይ ያየኛል። ቅድም በመጮሄ አፍሬያለሁ፤ ጎረምሶቹም በር ላይ ቆመዋል። «ኧረ ምንም አይል» አልኩ። «የኔ አንበሳ!» አለ አባቴ። ያን ቃል በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈልጌው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ቃበቶ እንዳሉት መጡ። አባቴ ለክርክር ወደ አሰላ ችሎት ወርዶ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ «እሱ ሳይኖር ቢነካ ማን ይችለዋል? እስኪመለስ ይቆዩ» አለቻቸው። አጥሩ ስር ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ላይ እስኪደርስ ጠብቀው፣ ከብታቸው ብቻውን ስለነበረ ተነሥተው ሄዱ። አባቴ ማታ ሲመለስ የሰማው «ቃበቶ መጥቶ ነበር» የሚለውን ብቻ ነው። «ወጌሻ ያሰረው ሰባት ቀን ሳይሞላው አይከፈትም፤ ምን ያጣድፈዋል?» አለና እራቱን በላ። እናቴ እስክትሞት ድረስ «አስገብቼያቸው ቢሆን ኖሮ» እያለች ያን የበር ላይ ነገር ታነሣ ነበር።

መጀመሪያ እጄ ይነድ ነበር። ጣቶቼ አብጠው እንደ ቃሪያ ተወጥረዋል። አቅፌው እንጎራደዳለሁ እንጂ «ፍቱልኝ» አላልኩም፤ አንበሳ ተብያለሁና። ከዚያ አንድ ጠዋት ሕመሙ የለም። ጨርሶ የለም። ደስ አለኝ። አባቴም ደስ ብሎት «አላልኳችሁም? ማጥበቅ ነው መድኃኒቱ» አለ። ይኸው ነው እንግዲህ ትልቁ ስህተታችን፤ የሞተው የዳነ መሰለን።

ወዲያው ትኩሳት መጣ፤ ስቃዥ አደርኩ። እናቴ ቁርስ ልታጎርሰኝ ጠጋ ስትል ድንገት ፊቷን መለሰች። የሸተታትን ነገር ስሙን ለመጥራት ፈርታ «ማሰሪያው ላብ ይዟል» አለች። ጣቶቼ ጠቁረው ነበር።

እናቴ አሰላ ክሊኒክ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ያለው አግዳሚ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ተቀምጧል። ጋቢውን የተከናነበ ሁሉ ያስላል፤ የጭላሎ ንፋስ በግድግዳው ስንጥቅ ይገባል። ተራችን ሲደርስ ድሬሰሩ፣ ያኔ ቁስል አጣቢውም መርፌ ወጊውም ሐኪሙም እሱ ነው፣ ግንባሬን ነካና «ቆላ ወርደህ ነበር?» አለኝ። አልወረድኩም። ቢሆንም የወባ ክኒን ሰጠኝ፤ መርፌም ወጋኝ። እናቴ እጄን ስታሳየው «ወጌሻ ያሰረውን እኔ አልፈታም፤ ኋላ ተበላሸ ብላችሁ በእኔ ልታሳብቡ ነው» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም። ያን ሁሉ ሕዝብ ብቻውን ነበር የሚያየው። ሁሉም ግን የሌላው ጥፋት ወደ እሱ እንዳይሻገር ሲጠነቀቅ፣ በመሀል እጄ ትሞት ነበር።

በመጨረሻ አባቴ ገብስ በጫነ መኪና አሳፍሮ ናዝሬት ወሰደኝ። መንገዱን ሁሉ ክንዴን ጭኑ ላይ አድርጎ ነበር የያዘው፤ ሽታውን እንዳልሸተተው ሆኖ። ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ስንጠብቅ አንዲት ሴት ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ለእኔ አዝና መሰለኝ፤ ኋላ ሳስበው ከሽታው ለመራቅም ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አስተርጓሚ አለው። ማሰሪያውን በመቀስ ሲከፍተው አባቴ አየና ግድግዳውን ያዘ።

ጋንግሪን ይባላል አሉን። ደም ያልደረሰው ሥጋ በቁሙ ሲሞት ማለት ነው። አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክንዱን እናድን ካልን ልጁን እናጣዋለን» አለ። ከዚያ ሐኪሙ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ማን ነው ያሰረው?»

«ወጌሻ» አለ አባቴ።

ውሸት አልነበረም። አንድ ቃል ብቻ ጎድሎት ነበር።

ከክርኔ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆረጡት። ስነቃ የቀረችኝ እጄ በአባቴ እጅ ውስጥ ነበረች። የሚገርማችሁ የተቆረጠው እጅ መኖሩን አላቆመም። የሌሉት ጣቶቼ ያምሙኛል፤ ይባስ ብሎ ጠብቀው እንደታሰሩ ነው የሚሰማኝ። ሐኪሙ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚሆን ነው፣ አእምሮ እጁ መሄዱን ገና አልሰማም አለኝ። «ፍቱልኝ» እያልኩ ስጮህ ነርሷ መጥታ አየሩ ላይ ማሰሪያ የምትፈታ መስላ ታሳየኛለች። እሷን እግዚአብሔር ይባርካት፤ አንዳንዴ ይቀለኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የመብላት ነገር አለ። በአገራችን በግራ እጅ ወደ ማዕድ መዘርጋት ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላ የለኝም። አጠገቤ ሆዱን ታሞ የተኛ ሽማግሌ ነበረ። ሚስቱ ወይዘሮ አበበች እሱን አጉርሳ ስትጨርስ ሳትጠየቅ ወደ እኔ ዞር ትላለች። «አፍህን ክፈት፤ ደግሞ ጎረምሳ ነኝ ብለህ እንዳታፍር፣ ይሄም ጢም እያለው ነው የሚጎርስ» ትለኛለች። ከበሽታ የተረፍኩት በሐኪሙ ነው፤ ከረሃብ በእሷ።

ወደ ቤት ስንመለስ ዳማው ፈረስ ለሕክምናው ተሸጦ ነበር። የኦቦ ቃበቶም ጎጆ ባዶ ነው። ማንም ውጡ አላላቸውም። አባቴም አላለም፤ ይህን እመሰክርለታለሁ። የግራዝማችን ልጅ እጅ ያስቆረጠ ጭሰኛ ግን እስኪባል አይጠብቅም። ከብታቸውን ነድተው ወደ ጎበሳ በኩል፣ ልጃቸው ወደተዳረችበት አገር ሄዱ። ያረሱት ገብስ ገና ዛላ አልያዘም ነበር። እኔ አንድ እጅ አጣሁ፤ እሳቸው አገር አጡ። ያን ጊዜ ይህን በልጅ አእምሮዬ እያነጻጸርኩ መድረሻ አጣሁ።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ነገር ከለከለኝ አላውቅም። ከብት ጠብቅ፣ አዝመራ ሰብስብ የለ። ትምህርት ቤት ብውልም ባድርም አይቆጣኝም። ወንድሞቼ በእኔ ምክንያት ሁለት እጥፍ ይሠሩ ነበር፤ አንድም ቀን አላጉረመረሙም። ቢያጉረመርሙ ይሻለኝ ነበር። ሻምፒዮን የሆንኩት በጉብዝናዬ ይመስላችኋል፤ ጉብዝናም ነበረበት፣ ነገር ግን አባቴ በጥፋቱ ምክንያት በለቀቀልኝ ጊዜ ነው የተጫወትኩት።

ፒንግ ፖንግን ያመጣልን የሒሳብ መምህራችን ሚስተር ቶማስ ነው፤ ያኔ ከህንድ የመጡ መምህራን ብዙ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ አናጢ የጥድ ሳንቃ ገጣጥሞ ጠረጴዛ ሠራ፤ መረቡ ከጆንያ ተቆርጦ የወጣ ነው። ኳስ እንደ ዕንቁ ነበር። ከተሰረጎደ ፈላ ባለ ውኃ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ተነፍቶ ይመለሳል። ሚስተር ቶማስ ጥግ ቆሜ ሳይ «አሰፋ፣ ና» አለኝ። «የለኝም» ብዬ እጅጌዬን አሳየሁት። «ይሄ ጨዋታ የሚፈልገው አንድ እጅ ነው፤ ሌላው ተመልካች ነው» አለ በዚያ በሚጣፍጥ አማርኛው።

ተመልካችም ቢሆን ግን ሥራ አለው፤ ኳስ ወደ ላይ ወርውሮ የሚያስጀምረው እሱ ነው። ብዙ ሞከርን። በመጨረሻ በቀረችው ክርኔ እጥፋት ውስጥ ኳሷን አስቀምጬ በድንገት ወደ ላይ ማንሣት ቻልኩ። ወርዳ ሳትጨርስ በግራዬ እመታታለሁ። ኳሷ ከየት እንደምትነሣ ለተጋጣሚዬ ስለማይታየው ሳላስበው የሚፈራ አጀማመር ሆነልኝ። የመጀመሪያው ውድድር ላይ ታዲያ የሌላ ትምህርት ቤት አሠልጣኝ «ደንቡ ኳስ ከመዳፍ ነው የሚነሣ ይላል!» ብሎ ጨዋታ አስቆመ። ሚስተር ቶማስ ደንቡን ከኪሱ አውጥቶ አነበበና «መዳፉን አምጡለትና ከመዳፍ ያንሣ» አለ። ዳኛው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፈቀደልኝ።

አሸነፍኩ። በዓመቱም አሸነፍኩ። ሮቤ፣ ጎበሳ፣ ከየወረዳው የሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ ያውቁኝ ጀመር። ዝናው ግን ብቻውን አይሄድም። «እጁ ምን ሆኖ ነው?» ይባላል። «ወጌሻ ነው፤ ቃበቶ የሚባል» ይባላል። ባሸነፍኩ ቁጥር ታሪኩ እንደገና ይነገራል፣ በተነገረ ቁጥር የእሳቸው ስም ሌላ ገበያ ይደርሳል። ጎበሳ ገበያ ላይ ሰው ያያቸውና ልጁን ይደብቅ ነበር ሲሉ ሰማሁ። አንድ ጊዜ ተሸንፌ ቢሆን ይረሷቸው ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ግን አልተሸነፍኩም፤ መሸነፍ አልወድም።

የጠቅላይ ግዛቱን ዋንጫ ስቀበል አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። አባቴ ካባውን ለብሶ ፊት ተቀምጧል። ዋንጫውን የሰጠኝ ትልቅ ባለሥልጣን በርኅራኄ እጅጌዬን ነካ አድርጎ «እጅህን ምን ነካው፣ ልጄ?» አለኝ።

«ከፈረስ ወድቄ ነው፣ ጌታዬ።»

ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ «ወጌሻ ነው ያበላሸው! ቃበቶ!»

ባለሥልጣኑ ራሱን ነቀነቀና «እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነበር ማሰር!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አባቴን አየሁት። እሱም አጨበጨበ፤ ሁለት ጊዜ ያህል እጁን ካጋጨ በኋላ እጆቹ አየር ላይ ቀሩ። አየኝ። ማየቴን አየ። እኔ ማጨብጨብ አልችልም፤ ያን ቀን ብቻ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። መናገር ግን እችል ነበር። አባቴን በሰው ፊት ላዋርድ ወይስ እሳቸውን ልተው? ዋንጫዬን ታቅፌ ወረድኩ።

ወደ አዲስ አበባ ለትልቁ ውድድር ልንሄድ ሳምንታት ሲቀሩን፣ ከትምህርት ቤት ስወጣ ጭቃው አዳለጠኝና በግራ እጄ ላይ ወደቅሁ። በዚያች ባለችኝ። አንጓዬ ወዲያው አበጠ። ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከሕመሙ ይልቅ ፍርሃቱ ነው። ይቺም ከሄደች ማን ያጎርሰኛል፣ ማን ቁልፌን ይቆልፍልኛል፣ ምን ሆኜ እኖራለሁ?

ያኔ አሰላ ደህና የጤና መኮንን ነበረ። ረጋ ብሎ ዳሰሰኝና አጥንቱ አልተሰበረም፣ ጅማቱ ዞሯል አለ። አሳረፍኩት፤ እብጠቱ ጎደለ፣ እጄ ግን ራኬት መጨበጥ እንቢ አለች። አንድ ማታ እራት ላይ «ኦቦ ቃበቶ ጋ ውሰዱኝ» አልኩ።

እናቴ ያጎረሰችኝን እጇን እንኳ ሳትመልስ ጮኸች። «የቀረችህን? የቀረችህን ልትሰጠው?»

እውነቱን ለመናገር እጄን ለማዳን ብቻ አልነበረም። ያ ጭብጨባ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። የጤና መኮንኑን ጠየቅነው፤ «ማሸቱ አይጎዳውም፣ ብቻ ጠብቆ እንዳይታሰር» አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ወደ መሬት አየ። ከዚያ «ነገ እንነሣ» አለ።

እስከ ሮቤ በጭነት መኪና፣ ከዚያ በኪራይ በቅሎ ሄድን። ኦቦ ቃበቶን ግቢያቸው ውስጥ ቀንበር ሲጠርቡ አገኘናቸው። ሸብተዋል። አባቴን ሲያዩ ከመቅጽበት ተነሡ፤ ምሳሩ ከእጃቸው ወደቀ። ከዚህም መሬት ሊያስነሣቸው የመጣ የመሰላቸው ይመስለኛል። በኦሮምኛ ሰላም ተባባሉ። ወደ እኔ ግን አላዩም፤ ባዶ እጅጌዬ ባለበት በኩል ጨርሶ አላዩም። ግራ እጄን ዘረጋሁላቸው። በግራ እጅ ሰላምታ ያሳፍራል፤ እሳቸው ግን በሁለት እጃቸው ተቀበሏት።

«አብጣለች» አሉ።

«ዞራብኝ ነው፣ ኦቦ ቃበቶ። ይመልሱልኝ።»

«ሰው መንካት ትቻለሁ፣ ልጄ። ጥጃም አልነካ።»

«ይቺን ብቻ።»

አባቴን አዩት። ገብተው ታጠቡ፤ ቅቤ አስመጡ። እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው ጅማቴን ተከትሎ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ቀጭ አለ። ጮህኩ፤ በዚህ ጊዜ አላፈርኩም። ጣቶቼን ጨበጥኩ፣ ዘረጋሁ። ታዘዙልኝ።

ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ቀደዱ። አንዴ ጠመጠሙና ቆሙ። ጨርቁን እንደያዙ ቀና ብለው አባቴን አዩት፤ በልጅነቴ ያየሁት ያው አስተያየት ነው።

«ግራዝማች፣ እንዴት አድርጌ ልሰረው?»

የምፀት አልነበረም። በእውነት ነበር የሚጠይቁት፤ ያ ነው ልቤን የሰበረው። ከበረቱ በኩል ላም አገሳች፤ ማንም ዞሮ አላየም።

«አንተ ታውቃለህ» አለ አባቴ። ቀጥሎም ሲለው ሰምቼ የማላውቀውን ጨመረ፤ «አንተ ታውቃለህ፣ ኦቦ ቃበቶ።»

«ያን ጊዜም አውቅ ነበር» አሉ ጨርቁን እያዩ። «አውቄ ነው ያጠበቅሁት። እርስዎን ፈርቼ የልጁን እጅ ሰጠሁ። ረቢ፣ ፈጣሪ፣ የሚጠይቀኝ ይህን ነው።»

«ያስፈራሁህ እኔ ነኝ» አለ አባቴ። «እኔንም ይጠይቀኛል።»

ወተት ጠጣን። አባቴ ወደ መሬታቸው እንዲመለሱ ለመናቸው፤ «እዚህ ለምጃለሁ» ብለው እንቢ አሉ። አዲስ አበባ ሄጄ አሸነፍኩ፤ ይህንን ባጭሩ ልለፈው። እዚያም አንድ ጋዜጠኛ እጄ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ፣ አባቴ አጠገቤ አልነበረምና የእሱን «አጥብቀው»፣ የኦቦ ቃበቶን እያወቁ ማጥበቅ፣ የእኔን «ምንም አይል» ሁሉንም ተናገርኩ። ጋዜጠኛው «ወጌሻ እጁን ያሳጣው ወጣት አሸነፈ» ብሎ ጻፈ። አሰላ ውስጥ ዛሬም የሚነገረው ያው ነው፤ ስለዚህ ነው ራሴ የጻፍኩት። የሌለው እጄም በብርድ ቀን ዛሬም ጠብቆ እንደታሰረ ነው፤ ሁሉም ነገር አይፈታም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ከኦቦ ቃበቶ ቤት ስንመለስ ነው። እሳቸው ፈርተው በጣም አላልተው ስላሰሩት፣ በቅሎዋ ረገጥ ባደረገች ቁጥር ጨርቁ እየተንሸራተተ ክንዴ ላይ ተሰበሰበ። አባቴ አይቶ ወረደ። በዚያ በትልቁ እጁ ፈታውና እንደገና ይጠመጥም ጀመር። በሕይወቱ ቁስል አስሮ አያውቅም። አንዴ ጠምጥሞ ቀና ይላል፣ ደግሞ ይጠመጥማል።

«ጠበቀብህ?» አለኝ።

«ኧረ ምንም አይል» ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን አየሁት፤ አንበሳ የሚፈልግ ሰው ፊት አልነበረም።

«ትንሽ ጠብቋል፣ አባባ» አልኩት።

መንገዱ ዳር ላይ ተንበርክኮ ፈታው፤ ከመጀመሪያው ጀምሮም እንደገና አሰረልኝ።